ሣር የዋጠው መቃብር ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ

ቅዳሜ ከሰዓት የባሕር ዳር ሰው ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበላ ሲወጣ እኔ መቃብር ልዞር እወጣለሁ። እናቴ "ኧረ ተይ ልጄ፣ በቁምሽ ምን አስኬደሽ?" ትላለች። ሟርት ግን የለበትም። የድሮ መቃብር፣ በተለይ ሣርና ሐረግ የዋጠው፣ ለእግር መንገድ አሪፍ ነው። ጥላ አለው፣ ጫጫታ የለውም፣ የሚያጣድፍህም የለም።

የከተማው መቃብር ግን እየሰለቸኝ ነው። ሲሚንቶ በዛ። ሴራሚኩ፣ የብረት አጥሩ፣ ፎቶው፤ ሐውልቱ ሁሉ ከጎረቤቱ ልብለጥ እያለ ተገፋፍቶ ዛፉ ሥር መስደጃ አጥቷል። ጽሑፍ ስላለው ብቻ ነው የምታገሠው። "ቀኛዝማች እገሌ" የሚል ካየሁ መቆሜ አይቀርም፤ ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከወረዱ ወዲህ እንዲህ ያለው ሹመት ስለቀረ፣ ሰውዬው መቼም ይሙት መች ማዕረጉን ያገኘው ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው።

ዋናው ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ለቡናው ሲል አብሮኝ ይመጣል። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ መሃል ነው የሚያልፈው። የዘጌን ገዳም በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል የተነሳ እዚህ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም ይላሉ፤ ሰዉ ያደረው በቡናው ነው። መሬቱ ሞፈር ስለማያውቅ የድሮ የድንጋይ ክምር የሚገለብጠው የለም። ከቡናው ሥር፣ ቅጠል ለብሶ፣ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና "አባቴ፣ ያ ማዶ ያለው መቃብር ነው?" አልኳቸው።

"ነው እንጂ ልጄ። የማን እንደሆነ እንኳ እሱ ያውቃል" አሉኝ፣ በመቋሚያቸው ወደ ላይ እያመለከቱ።

ስም ባይኖርም ግን ይነበባል። እኛ ጋ ሟች የሚቀበረው ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው፤ በትንሣኤ ሲነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። ስለዚህ ድንጋዩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ረዘም ብሎ ከተደረደረ መቃብር ነው ብለህ ጠርጥር። አጭሯ የሕፃን ናት። አጫጭሮቹ ይበዛሉ።

ዛፉን ደግሞ እዩት። ጣና ዙሪያ ዋንዛና ወይራ እንደልቡ አርጅቶ ማየት የፈለገ ሰው መሄድ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከግቢው ውጭ ያለው አብዛኛው እርሻ ሆኗል፣ የቀረውም ባሕር ዛፍ ነው። አፀድ የሚቆርጥ ደፋር የለም። ሙታኑ ከአፀዱ ሥር ናቸው፣ ሐረጉም በላያቸው ይሄዳል፣ ይሄን ደግሞ ንቀት ነው የሚል ሰው አይገባኝም። "መንጥረን፣ ሊሾ አድርገን ግቢውን እናሳምር" የሚል ኮሚቴ ስሰማ እኔን ነው የሚያመኝ።

የነገሥታቱስ? ጣና ላይ ያለው የደሴት ገዳም፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ወንድሜ ሲወጣ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲለደስ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ዘድንግል እ.ኤ.አ. በ1604 የሞተው በጦር ሜዳ ነው፤ አስከሬኑ ወደ ደሴቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ በሱስንዮስ ዘመን ነው። ወንድሜ ሲመለስ "መስታወት ውስጥ ናቸው" አለኝ።

"ሣር ምናምን የለውም?"

"አንቺ ደግሞ! ቤት ውስጥ የት ይብቀል?"

እንግዲህ ፋሲለደስን የሚያህል ንጉሥ መስታወት ውስጥ ሆኖ ቱሪስት ያየዋል፣ ስሙ የጠፋው የዘጌ ባለቡና ደግሞ ጥላ ሥር ነው። ምረጪ ብባል ሳላቅማማ የባለቡናውን ነው የምመርጠው።

መሄድ ለፈለገ፦ ዘበኛውን ወይም ካህናቱን ሳትጠይቁ አትግቡ። በቅዳሴ ሰዓት አይሆንም። ሐዘንተኛ ካያችሁ ዞር በሉ፣ አዲስ መቃብርም ፎቶ አታንሱ። ድንጋይ ለማየት ብላችሁ አታንቀሳቅሱ፤ ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ እባብም አለ። ክረምት ላይ ቦት ጫማ ግድ ነው፣ መንገዱ የሚመቸው ከመስከረም ወዲያ ነው።

አሁን ዓይኔ ጎርጎራ ላይ ነው። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚያ ነው፣ የሚሲዮናውያኑን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም ዱር ውጦታል ይላሉ። በጀልባ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ኪስ ያራቁታል። በጎንደር ዞሬ በመኪና መሄዴ ነው፤ ወንድሜ "እዚያ ቡና የለም" ብሎ ከወዲሁ ቀርቷል።