የመቻልን ሆድ እንዴት እንዳስተካከልኩት

መቻል የግቢያችን ውሻ ነው። የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። እንደ ብዙው ሰው እኛም ከገበታ የተረፈውን እንጀራ በወጥ አርሰን ነበር የምንሰጠው። ሰገራው መላላት የጀመረው ቀስ እያለ ነው። አንድ ሰሞን ይሻለዋል፣ ደግሞ ያገረሽበታል። ጎድኑ መቆጠር ሲጀምር ግን እንቅልፍ አሳጣኝ።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ እርጎ ስጪው ይላል፣ ሌላው ተልባ፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት። እኔ ግን መጀመሪያ ሰገራውን ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ ይዤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ ጥያቄ ያበዛል፣ እኔም ወደድኩለት። በቀን ስንቴ ይወጣል? ንፍጥ አለው? ደም አለው? ለካ ሁሉም ትርጉም አለው። ትንሽ ትንሽ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚወጣና ንፍጥ ያለበት ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ አንጀት ላይ ነው። በብዛት የሚወጣ ከሆነና ውሻው ከከሳ ደግሞ ትንሹ አንጀት ይጠረጠራል።

በምርመራው ወስፋት ተገኘበት። ሐኪሙ «እህቴ፣ ትሉ ሳይወጣ የምትሰጪውን ሁሉ የምትቀልቢው ትሉን ነው» አለኝ። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በክብደት ስለሆነ መቻልን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ከዚያ የራሴን ቀነስኩ። ለበግ ተገዝቶ የተረፈ አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት በግምት የሚሰጡ ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ለውሻ ከመጠን ካለፈ መቅኒውን ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ የሚጎዳውን ነገር ከምግቡ አወጣሁ። የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርት ደግሞ ቀይም ሆነ ነጭ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ቢበስልም መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ለትል የሚባለውን አልተቀበልኩም። የቡና አተላም ግቢ ውስጥ መድፋት አቆምን። ወሎ ቤት ቡና በቀን ስንቴ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ፤ ካፌይኑ አተላው ውስጥም ይቀራል፣ ውሻ ደግሞ ይልሰዋል።

ዋናው ምግቡ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝና ጮማ የሌለው ሥጋ ሆነ። በአንድ ጊዜ አልቀየርኩም። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን መጨመር ነው የሚሻለው፤ ድንገት የተለወጠ ምግብ ራሱ ያስቀምጣል። ሩዝና ሥጋ ብቻ ግን ለዘለቄታው የተሟላ ምግብ አይደለም። ሲሻለው ምን እንደሚጨመርበት ሐኪሙን ጠየቅሁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዱባ የገባው። ዱባን በጣም አምነዋለሁ። ልጣጩንና ፍሬውን አወጣለሁ፣ በትንሽ ውሃ እቀቅላለሁ፣ ማንኪያ ሲነካው የሚፈርስ ሲሆን አውርጄ እፈጨዋለሁ። ሌላ ምንም አይገባበትም። እንደ መቻል መካከለኛ ለሆነ ውሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምግቡ ላይ ይበቃል። ዱባ ውስጥ ያለው አሰር ውሃ እየጠጣ እንደ ሙቅ ይወፍራል፤ የላላውን ያጠነክራል፣ የደረቀውንም ያለሰልሳል። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ አሰሩን አብላልተው የአንጀቱን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይሠሩበታል። መቻል ጣፋጭነቱን ስለሚወደው ሳህኑን ልሶ ነው የሚጨርሰው።

እርጎ የጨመርኩት ሰገራው በዱባው ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ በአንዴ ሁለቱን ብጀምር የትኛው እንደረዳው አላውቅም ነበር። ብዙ ጎልማሳ ውሾች የወተትን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችሉም። ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ስለሚቀንስ እርጎ ይሻላል። በሻይ ማንኪያ ጀመርኩና ሆዱ መጮህ አለመጮሁን አየሁ። ጥሬ ወተት ረግቶም በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መጀመሪያ አፈላዋለሁ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሬ አረጋዋለሁ። አይብስ? ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን እሳት የነካው ስለሆነ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ይቀንሱበታል። ለውሻ ተብሎ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ዝግጅት፣ ብዙ ጊዜ ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም የሚባል ባክቴሪያ አለው፣ መጠኑም ተለክቶ የገባ ነው። የቤት እርጎ እንደዚያ አይለካም። እንደ ደጋፊ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አላየውም።

ተልባም እሰጠዋለሁ፣ በሳምንት አልፎ አልፎ። ቆልቼ አደቅቀውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በውሃ ዘፍዝፌ፣ ሲያሙለጨልጭ ምግቡ ላይ አፈሰዋለሁ። ደረቁን አልሰጥም፤ የሚጠጣ ውሃም ከፊቱ አይጠፋም።

አንድ ነገር ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ደሴ ላይ ገናውም ፋሲካውም አረፋውም ይከበራል፣ በየበዓሉ ይታረዳል። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ ለውሻ አይወረወርም። ያ ቋጠሮ የኪስ ትል ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ከዚያ በእጅ፣ በአትክልት፣ በውሃ ወደ ልጆቻችን ይመጣል። ሰው ጉበት ውስጥ ሲያድግ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ተቃጥሎ በጥልቅ ይቀበራል። ጤነኛ የሚመስለውንም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳልቀቅል ለመቻል አልሰጥም። ለዚህኛው ትል የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ቀን ይዘናል።

ዱባና እርጎ የማይነካው ነገርም አለ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ቡችላዋ ማስመለስ ሲጀምርና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው ደውላ «ዱባ ልቀቅልለት?» አለችኝ። አይሆንም፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው አልኳት። በቡችላ ላይ እንዲህ ሲሆን ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ይጠረጠራል፤ የሚገድለውም በዋናነት የሰውነቱን ውሃ በመጨረስ ነው። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዱም ከደረቀ፣ ግሉኮስ የሚሰቅል ሐኪም ጋ በዚያው ቀን ውሰዱት። የፓርቮ ክትባት አለ፤ ቡችላ ስትወስዱ መጀመሪያ ስለሱ ጠይቁ።