ዲስክ ስናመሰጥር የሚዘነጋው ሄደር
በሊኑክስ ላይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለማመስጠር ላክስ 2 (LUKS2) የተባለውን የዲስክ ማመስጠሪያ ስርዓት እመርጣለሁ። የፎርማት ትዕዛዙ ግን ፓርቲሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ የፓርቲሽኑንም ስም ደግማችሁ አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚፈራው የይለፍ ቃል መርሳትን ነው። እኔን ሄደሩም እኩል ያሰጋኛል። ዳታውን የሚፈታው ዋና ቁልፍ በይለፍ ቃላችሁ ተቆልፎ የሚቀመጠው ፓርቲሽኑ መጀመሪያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሜጋባይት በሚይዘው ሄደር ውስጥ ነው። እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው የይለፍ ቃል እንኳ ዲስኩን አይከፍተውም። ስለዚህ ላክስን በሚያስተዳድረው ክሪፕትሴትአፕ (cryptsetup) ፕሮግራም የሄደር ባክአፕ ትዕዛዝ ቅጂ አውጡና ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጡ። የይለፍ ቃል ከቀየራችሁ የድሮውን ቅጂ አጥፍታችሁ አዲስ አውጡ፤ አሮጌው ቅጂ በእጁ የገባ ሰው በአሮጌው ቃል ዲስኩን ሊከፍት ይችላልና።

ስዋፑም፣ ማለትም ዲስክ ላይ ለራም መደገፊያ የተመደበው ቦታ፣ ይመስጠር። ከራም የወጣ ዳታ እዚያ ይጻፋል፤ ላፕቶፑ ሃይበርኔት ሲደረግ (የራሙ ይዘት ዲስክ ላይ ተጽፎ ሲጠፋ) ደግሞ ቁልፉ ራሱ አብሮ ሊጻፍ ይችላል። ስሊፕ ላይ ሲሆን ቁልፉ ራም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ይዛችሁት ስትጓዙ ሙሉ በሙሉ አጥፉት።