የ250,000 ሥራ ቃል

ዛሬ አንድ ወዳጄ «አገረ ገዥ ልሁን የሚል ሰው ሥራ እፈጥራለሁ ሲል በምን ይመዘናል?» አለኝ። ከኩባንያ ጋር በሚፈርመው ውል ነው። በኋላ የአሜሪካዋ ግዛት የዊስኮንሲን አገረ ገዥ የሆነው ስኮት ዎከር እ.ኤ.አ. በ2010 ዕጩ ሳለ በአራት ዓመት 250,000 ሥራ ቃል ገብቶ የደረሰው ግማሹ አካባቢ ነው። በ2017 ደግሞ ለታይዋኑ የኤሌክትሮኒክስ አምራች ፎክስኮን 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደ፣ ለ13,000 ሥራ። ውሉን እዩት፦ ኩባንያው ከሚከፍለው ደመወዝ 17 በመቶ፣ ለግንባታና ለማሽን ከሚያወጣው 15 በመቶ ይመለስለት ነበር። የግዛቱ አምራቾች የገቢ ግብር ግን ቀድሞውኑ ወደ ዜሮ ወርዶ ነበር! ስለዚህ «የግብር ማበረታቻ» የተባለው በአብዛኛው ከሕዝብ ካዝና የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነበር። በ2021 ውሉ ሲከለስ 1,454 ሥራና 80 ሚሊዮን ዶላር ላይ ወረደ። ፋብሪካው ሊሠራበት የታሰበው የማውንት ፕሌዛንት መንደር ግን ለመሬትና ለውሃ መስመር አስቀድሞ ተበድሯል። የምትመርጡ ወገኖች፣ ዕጩውን ሥራው ባይመጣ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል ጠይቁት።