ጠላ የማይጠምቅ እርሾ

ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየውን ጄል ከሰማያዊው ቀለም አውጥቼ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የመለኪያው ፕሮቲን መስመሮች እንደ መሰላል እርከን ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ከጎናቸው የእኔ ስምንት ናሙናዎች የተጫኑበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ይህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ሥራ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ፋይቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም እርሾ እንዲሠራልኝ ማድረግ። በእህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውህድ ውስጥ እንደ ተቆለፈ ነው። ፋይቴት ብረትንና ዚንክንም አጥብቆ ይይዛል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ከዚህ ቁልፍ የተወሰነው ይፈታል፤ ዶሮ ግን እህሏን ሳታቦካ ነው የምትለቅመው፣ ቁልፉን የሚፈታ በቂ ኢንዛይምም በሆዷ የላትም። ስለዚህ መኖ አቀናባሪዎች ፋይቴዝ ይጨምሩበታል። እኔ የመረጥኩት ዘረመል ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ ኢንዛይሙ በአሲድ ውስጥ፣ ፒኤች 4.5 አካባቢ፣ ስለሚበረታ ለዶሮ ሆድ ይስማማል።

ባክቴሪያው ራሱ ለምን አይሠራውም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ኢንዛይሙ ቅርጹን የሚይዘው በሰልፈር ድልድዮች ሲሆን፣ ባክቴሪያ እንዲህ ዓይነቱን ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ሲገደድ ብዙ ጊዜ የማይሟሟ ጓል አድርጎ ያስቀረዋል። እርሾ ግን በወጉ አጣጥፎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ፒኪያ ፓስቶሪስ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ከራሱ ፕሮቲኖች ወደ ውጭ የሚያወጣው ጥቂት ስለሆነ፣ ሴሎቹን በሴንትሪፉጅ አዝቅጦ ከላይ ያለውን ፈሳሽ መቅዳት ብቻውን ብዙ የማጣራት ድካም ያስቀራል።

ይህ እርሾ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በነዳጅ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፊሊፕስ ፔትሮሊየም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፒኪያን ሜታኖል በሚባለው የአልኮል ዓይነት አሳድጎ ለእንስሳት መኖ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ነዳጅ ሲወደድ ሐሳቡ አላዋጣም። ለእኛ የተረፈን እርሾው ለሜታኖል ያለው ፍቅር ነው። ሜታኖል ሲያገኝ ኤኦኤክስ1 የሚባለው የዘረመል ማብሪያ ይበራል፤ ከማብሪያው ቀጥሎ የእኛን ዘረመል ካስገባን የእኛን ፕሮቲን ይሠራል። የጠላ እርሾ ስኳር በልቶ አልኮል ይሰጣል፤ የእኔው አልኮል ጠጥቶ ፕሮቲን ይሰጣል። ይህን ልዩነት በቃሌ አውቀው ነበር። በእጄ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያው ያለ ችግር አለፈ። ዘረመሉን ፒኪያ በሚወዳቸው ኮዶኖች፣ ማለትም ባለ ሦስት ፊደል የዘረመል ቃላት፣ አስጽፌ አዘዝኩ፤ ፕሮቲኑን ወደ ውጭ የሚመራ ምልክት ከፊቱ ቀጠልኩለት፤ ዘረመሉን የተሸከመውን ክብ ዲኤንኤ፣ ፕላዝሚዱን፣ ቆርጬ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ሴሉ አስገባሁት። ዘረመሉን ያልተቀበለውን እርሾ የሚገድለው ዜዮሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ነጥቦች ብቅ አሉ። ከእነዚያ ስምንቱን መረጥኩ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ የእርሾው ምግብ ሻገተብኝ፤ ጥፋቱ የማምከኛው ማሽን አልነበረም፣ የእኔ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የግፊት መለኪያው እንደ ባሕር ዳርቻ አገር የተለመደውን ቁጥር ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት ከ121 ዲግሪ በአራት ያህል ይጎድላል። ቴርሞሜትሩን ማመን ጀመርኩና ሻጋታው ቀረ። ከዚህ ትምህርት ቀጣዩን ስህተቴንም መገመት ነበረብኝ። አልገመትኩም።

ጄሉ ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘረመሉን ነው። ናሙናውን ውጭ አገር ልኬ አስነበብኩ፤ አምስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ቀጥሎ ሜታኖሉን ጠረጠርኩና አዲስ ጠርሙስ ከፈትኩ። ከዚያም ራሴን ጠረጠርኩ፤ ይሄኛው በጣም ጊዜ ይፈጃል።

አንድ ቀን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋው የቤተ ሙከራ ባለሙያ መወዝወዣው ማሽን አጠገብ ቆሙ። ትልልቅ ፍላስኮች ስላልነበሩን በ500 ሚሊ ሊትሩ ፍላስክ 200 ሚሊ ሊትር ሞልቼ፣ አፉን በጥጥ ወትፌ፣ በላዩ ላይ ፎይል ጠቅልዬበት ነበር።

«ልጄ፣ ጠላ ልትጠምቂ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። የጠላ ጋን አፉ የሚለሰነው አየር እንዳይገባ ነው። የእኔ እርሾ ግን ሜታኖሉን መብላት የሚጀምረው በቀጥታ በኦክስጅን ነው፤ ያለ ኦክስጅን የመጀመሪያው እርምጃ እንኳ አይሄድም። በዚያ ላይ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የምከተለውን የአሠራር መመሪያ የጻፉት ሰዎች ከፍታ አላሳሰባቸውም፤ ለምን ያሳስባቸው?

በማግስቱ በዚያው ፍላስክ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ አድርጌ፣ ጥጡን ጥዬ፣ አፉን በአራት ድርብ የቁስል ሻሽ ሸፈንኩ። የመወዝወዣውን ፍጥነት በደቂቃ 250 ዙር፣ ሙቀቱን 28 ዲግሪ አደረግሁ። መጀመሪያ እርሾውን በግሊሰሮል አደለብኩት፤ ግሊሰሮል እያለ ማብሪያው ስለማይበራ ሴሎቹን ለይቼ ወደ ሜታኖሉ ምግብ አዛወርኳቸው። በየ24 ሰዓቱ ግማሽ በመቶ ሜታኖል እጨምራለሁ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና መወዝወዣው ቆመ። ጠዋት ስደርስ ሴሎቹ እንደ ቡና አተላ የፍላስኩ ታች ላይ ተኝተዋል። ያ ዙር ከሰረ፤ ያልበሉት ሜታኖል ላይ ሌላ ሜታኖል መጨመር እርሾውን መመረዝ ነውና አፈሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ መዞሩን ሳላረጋግጥ ጠብታ አልጨምርም።

ቀጣዩ ዙር አራት ቀን ሳይቋረጥ ዞረ። ጄሉ ላይ የወጣው ግን የጠበቅሁት ቀጭን መስመር አልነበረም፤ ፕሮቲኑ ሊኖረው ከሚገባው 45 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ከፍ ብሎ የተዝረከረከ፣ በእጅ የተዳመጠ የሚመስል ወፍራም ሰማያዊ ጥላ ነው። ተበከለ ብዬ ልጥለው ነበር። አማካሪዬ ከለከሉኝ። እርሾ ፕሮቲኑን ሲያወጣ ስኳር ይለጥፍበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚለጠፈው ስኳር መጠኑ ስለሚለያይ መስመሩ ይሰፋል። ስኳሩን የሚቆርጥ ኢንዛይም ጨምሬ ደግሜ ሳስኬደው ጥላው ተሰብስቦ አንድ መስመር ሆነ፣ ወደ ቦታውም ወረደ።

የመጨረሻው ፍርድ በሙከራ ቱቦ ነው። ከፈሳሹ ጥቂት ወስጄ ከፋይቴት ጋር አሞቅሁት፤ ከዚያ ከተፈታ ፎስፌት ጋር ሲገናኝ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠውን የሞሊብዴት ውህድ ጨመርኩ። ኢንዛይም የሌለበት ማነጻጸሪያ ቱቦ እንደ ውሃ ቀረ። የሰባተኛው ነጥብ ቱቦ እያየሁት ሰማያዊ ሆነ፣ እየጠቆረም ሄደ። አራተኛው ከእሱ የሚበልጡ የዘረመል ቅጂዎች ነበሩት፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ቅጂ ያበዛ ሁሉ ብዙ ያመርታል ብዬ አራተኛውን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ምርጡን ጥዬ ነበር። ሰባተኛውን በዚያው ቀን ከግሊሰሮል ጋር በሦስት ቦታ ከፋፍዬ አቀዘቀዝኩ፤ አንዱን ሌላ ፎቅ ላይ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ መብራትን ስለማላምን።

አሁን የያዘኝ ሌላ ጣጣ ነው። የዶሮ መኖ በእንፋሎት ሞቆ ሲታመቅ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ የእኔ ኢንዛይም በዚያ ሙቀት ምን ያህል ደቂቃ እንደሚቆይ ለማወቅ ከሰኞ ጀምሮ የሙቅ ውሃ ገንዳው ፊት ሰዓት ይዤ ተቀምጫለሁ።