ቤት ውስጥ እነማን አላችሁ?

የዶርም ጓደኛዬ መሞቷን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ጅማ ግቢ አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። አልጋው ተደራራቢ ነበር፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ሌሊት ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ አሁንም ይሰማኛል። መታመሟን ግን አላወቅሁም። ስልኳን እንኳ አልያዝኩም። ያረዳኝ በሥራ አጋጣሚ ያገኘሁት ሰው ነው፤ “የእናንተ ባች አልነበረችም እንዴ?” ብሎ።

ያን ዕለት ማታ የምረቃ መጽሔታችንን ከቁም ሳጥን አወረድኩት። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በጤና መኮንንነት የተመረቅን 50 ነን። ኤችኦ ነው የምንባለው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳይ ወሬያቸውን የማውቀው 7 ሰዎች ብቻ ሆኑብኝ። መጽሔቱ ላይ ያለው አድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ያኔ ሞባይል የያዘ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ይኸው በ2015 ፍለጋ የጀመርኩት እንዲህ ነው። እንዴት እንዳደረግኩትና የት የት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ። የራሱን ባች መፈለግ የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ሰው ማግኘቱ ከጠበቅኩት በላይ ቀለለኝ። ፌስቡክ ላይ በስም መፈለጉ ብዙም አልረዳኝም፤ ተመሳሳይ ስም መዓት ነው። የረዳኝ የቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ቡድናችን ነው። ጅማ ጤና የተማረ ሰው ቲቲፒን ያውቀዋል። ሜዲሲን፣ ኤችኦ፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና ላብራቶሪ የሚማሩ ልጆች ተቀላቅለው አጋሮ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ ይላካሉ። አብረው እያደሩ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፣ በየመንደሩ እየዞሩ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። እንደዚያ አብሮ የከረመ ሰው አይረሳሳም። እኔ የጠፉብኝን የክፍሌን ልጆች ፋርማሲ የተማሩት ያውቋቸው ነበር። አንዱ የሦስት ሰው ስልክ ሰጠኝ፤ ሦስቱ ደግሞ የሌላ አምስት። በሁለት ወር ውስጥ 31 ሰው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ገባ።

ስህተቴ ከዚያ በኋላ ነው። መጽሔቱን ላድሰው ብዬ ጥያቄዎች ጽፌ ለጠፍኩ። የት ትሠራላችሁ? የትምህርት ደረጃችሁስ? አግብታችኋል? ስንት ልጅ አላችሁ?

9 ሰው መለሰ። ዘጠኙም የተሳካላቸው ናቸው። ኤምፒኤች፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ ተምሮ ትልቅ ድርጅት የገባ አለ። በ2004 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዲግሪ ያላቸውን መቀበል ሲጀምሩ ገብታ ሐኪም የሆነች አለች። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ ተምሮ፣ ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ በምጥ የተቸገሩ እናቶችን በኦፕራሲዮን የሚያዋልድም አለ። እሱ በተለይ አኮራኝ። እንኳን ደስ አላችሁ ተባባልን። ከዚያ ግሩፑ ጭጭ አለ። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይሉ ወጡ።

መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዷ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። “እህቴ፣ እኔ የምሞላው የለኝም።” ደወልኩላት። ያኔ በተመደበችበት ጤና ጣቢያ 17 ዓመት ሙሉ እዚያው ናት። ማስተርስ አልተማረችም፣ አላገባችም። “ምን ብዬ ልጻፍ?” አለችኝ። የምላት ሲጠፋኝ “ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?” አልኳት።

ድምፅዋ ተቀየረ። ጠዋት አንድ ልጅ የእናቱን የግፊት መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ነበር። 11ኛ ክፍል ነው። ያዋለደችው እሷ ናት፤ በተመደበች በመጀመሪያው ዓመት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አያትየው ባትሪ ይዘውላት። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። “አሁን በቁመት ይበልጠኛል” አለችኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። የእኔ ፎርም ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ጥያቄዎቹን አጠፋሁ። እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ አንድ ሰው፣ ሲመቸኝ ሁለት ሰው መደወል ጀመርኩ። በጽሑፍ መጠየቁን ተውኩት። መጀመሪያ የምጠይቀው ያንኑ ነው፦ ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?

ሁለተኛውን ጥያቄ ያገኘሁት ሰው ጎድቼ ነው። አንዷን እንደ ቀልድ “ልጆችሽ ስንት ደረሱ?” ብያት ዝም አለች። ልጅ እንደሞተባት በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ግን ቃሉ ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ “ቤት ውስጥ እነማን አላችሁ?” ነው የምለው። እናቱን የሚያስታምም፣ የእህቱን ልጆች የሚያሳድግ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ሁሉም የሚመልሰው ነገር አለው። መናገር ያልፈለገም “ደህና ነን” ብሎ ያልፋል።

አጋሮ ያለው የክፍላችን ልጅ የቡና ነጋዴ ሆኗል። ግሩፑን ጥለው ከወጡት አንዱ እሱ ነው። “ዲግሪዬን አባከንኩት” ይላል። ሄጄ አየሁት። መጋዘኑ ውስጥ ከሚዛኑ አጠገብ የደም ግፊት መለኪያ ተቀምጧል። ቡና የሚያመጡለትን ሽማግሌዎች ሳይለካ አይሸኝም። ያባከነው ነገር አልታየኝም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ይሠራል። እዚያ ኤችኦ የሚባል ሙያ የለም፤ ከዜሮ ጀምሮ ነርሲንግ እየተማረ ነው። በእነሱ በጋ ከሥራ ሲወጣ እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሚሆን ያኔ ነው የምደውለው። “ቤት ውስጥ እነማን አላችሁ?” ስለው “እኔና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ። ሚስቴ ስትገባ እኔ እወጣለሁ” አለኝ። በሳምንት አንድ ቀን አብረው ይበላሉ።

መቐለ ያለው ልጅ ላይ ግን በጣም አጥፍተናል። በጥቅምት 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ፤ ለጥቂት ወራት ተመልሶ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ተቋርጦ ነበር። በ2015 ሲመለስ ማናችንም ቀድመን አልደወልንም። እኔ የደወልኩት ተራው ሲደርስ፣ ከወራት በኋላ ነው። “ስልኩ የተከፈተ ቀን ማን ይደውል ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ዋልኩ” አለኝ። ስም ዝርዝር ይዞ በተራ መደወል ልክ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መጀመሪያ የሚደወለው ክፉ ቀን ለነበረበት ሰው ነው።

የዶርም ጓደኛዬ እናት ቤት የሄድኩት በመጨረሻ ነው። አሰላ። ፈርቼ ነበር። በሩ ላይ “እማማ፣ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ” አልኩ። “አሁንም ለቅሶ ነው ልጄ፣ ግቢ” አሉኝ። የእሷን መጽሔት አወጡና ከፎቶዋ አጠገብ ያሉትን እየጠቆሙ ይጠይቁኝ ጀመር። ይቺስ? ይኼስ የት ደረሰ? ብዙዎቹን መመለስ ቻልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ገጽ ስንገልጥ ቆየን። ሲሸኙኝ “የጠፉትን ስታገኚ መጥተሽ ንገሪኝ” አሉኝ።

ከ50ው 41 ሰው ተገኝቷል። 3 ሞተዋል። 6 ቀርተውኛል። ከእነሱ አንዱ በ2000 ገደማ መተማ አካባቢ ጤና ጣቢያ ይሠራ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ቲቲፒ ላይ ማታ ማታ ክራር ይጫወትልን ነበር። የሚያውቀው ካለ፣ ባቹ እየፈለገው ነው በሉልኝ።