ለቁልቁለት ተዘጋጅቼ ራስ ደጀንን ወጣሁ

ራስ ደጀን ወጥታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ከሳንባችሁ በፊት የጉልበታችሁን ሎሚ አስቡ። ስለ ስሜን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው። ዳገቱ ያደክማል፣ እውነት ነው። ግን ዳገት ላይ የደከመ ሰው ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰብስቦ ይቀጥላል። ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን የተያዘ ሰው በበቅሎ ነው የሚመለሰው።

ስሜን እንደ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። ከላይ ሰፊ አምባ ነው፤ አምባውን ደግሞ ገደልና ሸለቆ ቆራርጦታል። 4,200 ሜትር ላይ ደርሳችሁ፣ ራስ ደጀንን ማዶ እያያችሁ፣ ወደ 2,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

እኔ ይህን ከመሄዴ በፊት ወረቀት ላይ ደምሬው ነበር። ከቧሂት ማለፊያ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት። ከወንዙ እስከ አምቢቋ መንደር 400 ሜትር ዳገት። በማግስቱ ከአምቢቋ እስከ ጫፉ 1,300 ሜትር ሽቅብ፣ በዚያው ቀን ያንኑ ቁልቁል። ከዚያ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ቁልቁለት በተራው ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ወረቀቱን አይቼ ልምምዴን በሙሉ ወደ መውረድ አዞርኩት።

አዲስ አበባ መኖር ለዚህ ጉዞ ትልቅ ዕድል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ሳሳ ያለውን አየር ሰውነታችን ለምዶታል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦ ማርያም እንወጣ ነበር። ሌሎች ሲመለሱ ታክሲ ይይዛሉ፣ እኛ በእግር እንወርዳለን። በሥራ ቀን ደግሞ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ጠቅጥቄ ከሰባተኛ ፎቅ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ዘበኛችን ግራ ቢገባቸው፣ «ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ በየማታው የሚያስረሳሽ?» አሉኝ።

ስለ ጫማ አጭር ነገር ልበል። አዲስ ጫማ ለተራራው ተብሎ አይቀመጥም፤ ከተማ ውስጥ ተደርጎ እግር ይልመደው። ጥፍር ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይቆረጥ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቆም ብላችሁ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ። አለዚያ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍራችሁ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ይውላል። የጠቆረ ጥፍር ለወራት ነው የሚከርመው።

የሄድነው ከጦርነቱ በፊት ነው፣ በኅዳር፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ዛሬ መሄድ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የአካባቢውን ሁኔታ ደባርቅ ያለ ሰው ይጠይቅ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ በቅሎና ባለበቅሎ ትከራያላችሁ። በቅሎ ላይ አትቆጥቡ። ድንኳንና ምግብ በቅሎ ላይ ሲሄድ እናንተ ውሃና ጃኬት ብቻ ይዛችሁ ትራመዳላችሁ። ያ ለጉልበት ምን ማለት እንደሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ይገባችኋል።

ስንቅ ላይ ብዙ ሰው ሩዝና ፓስታ ይዞ ይሄዳል። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይንፈቀፈቃል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ምስር እዚያ ላይ ልቀቅል ማለት ጋዝ መጨረስ ነው። እኛ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዘን ነበር። ድርቆሽ በበርበሬና በቅቤ፣ ምሽት ላይ፣ በዚያ ብርድ! ሌላ አልጨምርበትም።

ከፍታውን በተመለከተ አንድ ሕግ አውጥተን ነበር፣ ገና አዲስ አበባ ሳለን። ራስ ምታቱ አብሮት ያደረ ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ክርክር የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ይመከራል። ከደባርቅ ጨነቅ ድረስ የመኪና መንገድ ስላለ ግን ቁርስ በልቶ በመኪና 3,600 ሜትር ላይ መውረድ ይቻላል። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ማታ ላይ ጭንቅላታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኛ በእግር በሳንቃበር፣ በግጭ አድርገን ነው የሄድነው፤ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ነው።

ግጭ ላይ ጊዜ ስጡ። ጅብራው ሜዳው ላይ ቆሞ፣ ጓሳው በንፋስ ተኝቶ፣ ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ይወጣሉ። ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። አንዷ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ ሣሩን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ አፈሩን እያራገፈች፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው እጇ ሲሞላ ወደ አፏ ትወስደዋለች። ቂጧን ከመሬት ሳታነሳ ትንሽ ወደፊት ፈቀቅ ትላለች፣ ደግሞ ትለቅማለች። እኔን ከቁም ነገር አልቆጠረችኝም። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከቅርብ ሲታይ በእርግጥም ያስደንቃል። እዚህ ድሮ መንደር ነበር። ሣሩ በከብት ስላለቀ ነዋሪው ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደረገ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ፓርክ በ1996 ከአደጋ መዝገብ ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ያወጣው በ2017 ነው።

ጨነቅ ላይ ሕጋችን ሥራውን ሠራ። ከሦስታችን አንዷ ራሷን አሟት አደረ፣ ምግብም አልረጋላትም። እኔ ላባብላት አፌን ሳልከፍት እሷ ቀድማ፣ «ሂዱ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለች። ከአስጎብኚያችን ጋር ቀረች፤ ቢብስባት በመኪና ወደ ደባርቅ እንድትወርድ ተስማማን። አልባሰባትም። ስንመለስ ዋልያዎቹን ከቅርብ ያነሳችበትን ፎቶ እያሳየች አስቀናችን። ቀንዱ እስከ ጀርባው የታጠፈ አውራ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ጫፍ የወጣነው ዋልያ ያየነው ከሩቅ ነው።

ከቧሂት ማለፊያ በኋላ ያ የፈራሁት ቁልቁለት መጣ። ጠጠር የበዛበት ቀጭን መንገድ ነው። ባለበቅሏችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ጫማቸው ኮንጎ ነው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው ሲወርዱ እግራቸውን እያየሁ ተከተልኳቸው። እርምጃቸው አጭር ነው፣ ከጫማቸው ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ተረከዛቸው ቀድሞ መሬት አይመታም፤ መላ እግራቸው አንዴ ያርፋል። ጉልበታቸው ሁልጊዜ ትንሽ እጥፍ ያለ ነው። ወደ ኋላ አይለጠጡም። ቁልቁለቱ ሲበረታ በግራና በቀኝ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ እንጂ ፊት ለፊት አይወርዱም። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም አካሄዳቸው ይኸው ነው።

እኔ ለመቅደም ስፈጥን አዩኝና፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ወንዙ የትም አይሄድብሽም» አሉኝ።

ቀስ አልኩ። መሸሃ ስንደርስ ጉልበቴ ሞቅ ብሎት ነበር እንጂ አላመመኝም። ደረጃውን አመሰገንኩት።

አምቢቋ 3,200 ሜትር አካባቢ ናት። የገብስ አገር ነው። በቅሎዎቹ ከተራገፉ በኋላ ባለበቅሏችን የሚያውቁት ቤት ገብተን ጠላ ቀረበልን። እኔ አንድ ጣሳ ቀምሼ በቃኝ፤ ከፍታ ላይ መጠጥ ራስ ምታት መጥራት ነው። ብርዱን ለመቋቋም አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ ካልሲ አልብሱትና መኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ እግር ሥር አድርጉት። የፈላ እንዳይሆን፣ ሃይላንዱ ይሸበሸባል። ስልካችሁንም አብራችሁ አስተኙት፤ ባትሪ ብርድ አይወድም። ጠዋት ደግሞ ያልበረደ የመጠጥ ውሃ ይኖራችኋል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ስለ ዳገቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ረጅም ነው፣ ማውራት እየቻላችሁ የምትሄዱበት ፍጥነት ትክክለኛው ፍጥነት ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። ጥዋት ላይ በዚያ ከፍታ በግ የሚጠብቁ ሕፃናት ነጠላ ለብሰው እየሮጡ ሲያልፉን ሳቅንም አፈርንም። ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ጫፉ ላይ ወጣን ብለው ጽፈዋል። እረኞቹ መቼ እንደጀመሩት የጻፈ የለም።

የመጨረሻው አለት በእጅም በእግርም የሚወጣ ነው። ከላይ የድንጋይ ክምር አለ፣ ንፋስ አለ። ስካውታችን ከንፋሱ ዞር ብሎ ቁጭ አለ። ባለበቅሏችን በዱላቸው ወደ ጃናሞራ በኩል እያመለከቱ፣ «ካሳ ውቤን ድል የመታው በዚያ ነው፣ ደረስጌ። ዘውዱንም እዚያው ማርያም ደፋ» አሉን፣ ትናንት የሆነ ያህል። ካሳ የሚሉት በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን ነው፣ ውቤ ደግሞ የስሜን ገዥ ነበሩ፤ ነገሩ በ1855 እ.ኤ.አ. የሆነ ነው። ለፎቶ ጊዜ ሳናጠፋ ቶሎ ተነሳን። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ደመና እዚያ ላይ መንገድ ያሳጣል፣ ከዚያም በላይ ደግሞ የቀኑ ግማሽ ሥራ ገና ከፊታችን ነበር። ሰው የሚወድቀው፣ እግሩንም የሚጠመዝዘው ጫፉን አይቶ ልቡ ሲረካ ነው። ስለዚህ ስንወርድ በየሰዓቱ ቁጭ እያልን፣ በሶ እየበጠበጥን፣ ማሰሪያ እያጠበቅን ነው የወረድነው።

ደባርቅ ስንገባ ሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ሰጠን፣ ሳላጉረመርም ወጣሁ። ኔትወርክ ስለነበረ አባዬ ጋ ደወልኩ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። «4,533 ሜትር ላይ ነበርኩ» አልኩት። እሱ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረው 4,620 ብሎ ነው፤ የድሮዎቹ መጻሕፍት የሚሉት እንደዚያ ነው። በኋላ የተደረገው ልኬት ቁጥሩን ዝቅ እንዳደረገው ላስረዳው ሞከርኩ። አስጨርሶኝ፣ «እንግዲያው 87 ሜትር ይቀርሻል» አለኝ።