ማሞቂያውን ማጥፋት አልነበረብኝም

የቀዶ ጥገና ክፍሎቹን አየር ማሞቂያ ባላጠፋው ኖሮ የአንድ ሙሉ ቀን ቀዶ ጥገና ባልተሰረዘ ነበር።

የቀዶ ጥገና ክፍሎቹን አየር ስረከብ ማጣሪያዎቹን ቀየርኩ፣ የበሮቹን ላስቲክ አደስኩ፣ አየሩ ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ ብቻ እንዲወጣ ግፊቱን አስተካከልኩ። ይህ ቀላሉ ነው።

መከራው የመጣው በማሞቂያው በኩል ነው። ማቀዝቀዣው እርጥበት የሚቀንሰው አየሩን ወደ 12 ዲግሪ ገደማ አውርዶ ነው፤ ውሃው በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከዚያ አየሩ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት መልሶ መሞቅ አለበት። አስተዳደሩ ግን «አቀዝቅዞ ማሞቅ የኤሌክትሪክ ብክነት ነው» ብሎ ማሞቂያው እንዲጠፋ በደብዳቤ አዘዘ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ አጠፋሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክፍሉ ወደ 17 ዲግሪ ወረደ፤ ነርሶቹ ተንቀጠቀጡ። ብርዱን ላስታግስ ብዬ የቀዝቃዛውን ውሃ ቫልቭ በከፊል ዘጋሁ። ሙቀቱ 20 ሲደርስ ተገላገልኩ አልኩ። ቱቦው ግን ከአየሩ ውሃ የሚጨምቅበትን ቅዝቃዜ አጥቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የአየር መውጫው ብረት አልቦት አገኘሁት። ከሥሩ በነበረው የመሣሪያ ጥቅል ሰማያዊ መጠቅለያ ላይ ሳንቲም የሚያህል የውሃ ክብ አርፏል። የግድግዳው የእርጥበት መለኪያ፣ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳየው፣ ግን 58 በመቶ ይላል! የላይኛው ወሰን 60 ስለሆነ ማንም አልደነገጠም።

መለኪያውን ነቅዬ፣ በጥቂት ውሃ ከራሰ የገበታ ጨው ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አሸግሁት። እንዲህ ያለ ጨው በ25 ዲግሪ ሙቀት ዙሪያውን ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። በማግስቱ መለኪያው 55 አሳየ። ለካ ክፍሉ ወደ 80 ተጠግቶ ነበር።

ጥቅሎቹ በሙሉ እንደገና እንዲጸዱ ተመለሱ፤ ጾመው የመጡ ታካሚዎችም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ «ለምን አልተቆጣጠርክም?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመለኪያው መመሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሽ ይላል። አትስሙት፤ የማጽጃ ኬሚካል ትነት ያበላሸዋልና በየሦስት ወሩ በጨው ፈትሹት። 20 በመቶ እርጥበትን ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ የሚቀበል መመዘኛም አለ፤ እኔ ግን ከ30 አላወርድም፣ አንዳንድ ዕቃዎች ማሸጊያቸው ላይ 30ን ስለሚጠይቁ። ሐኪሙ «ክፍሉ ይቀዝቅዝ» ሲል ደግሞ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት አስሉ፦ በ24 ዲግሪ 50 በመቶ የነበረ አየር ውሃው ሳይቀነስለት ወደ 18 ቢወርድ ከ70 በላይ ይሆናል።

ማሞቂያውን በዚያው ቀን፣ ማንንም ሳላስፈቅድ መልሼ አበራሁት።